ባህር ላሳያት መተማ የወሰድኳት ቀን

ሽርሽር የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የፈጠረው ሰው ሚስት ያልነበረው መሆን አለበት። ሚስት ቢኖረውማ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጣላ ነበር። ጠቡ ላይቀር ምን ያንከራትተዋል?

እኔ በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ሽርሽር ወጥቻለሁ። ዘመኑ የጣሊያን፣ አገሩ መተማ ነው። «ለሽርሽር መተማ?» ብላችሁ ስትስቁ ይሰማኛል። ወሩ ደግሞ ግንቦት ነበር፤ አሁን ደህና አድርጋችሁ ሳቁ። የመተማን ግንቦት ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ የጎንደር ሰው ሰላምታ ሲያሳጥር ያየሁት እዚያ ብቻ ነው። «እንደምን ዋልክ» ይልና ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠይቅ ጥላ ፍለጋ ይሮጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ስንዱ የደምቢያ ልጅ ናት። አባቷ ቄስ ናቸው፤ ያደገችው ጣና ዳር ነው። እነሱ ጣናን ሐይቅ አይሉትም፤ ባህር ነው የሚሉት። ጠዋት ሲነሡ እሱን አይተው፣ ማታ ሲተኙ እሱን ሰምተው ነው። እኔ ደግሞ ሳገባት ገንዳ ውሃ አጠገብ ጥጥና ማሽላ የምዘራበት ሰፊ መሬት አለኝ ብዬ ነው። መሬቱ አለ፤ አልዋሸሁም። ስለ ንዳዱ፣ ስለ ትንኙ፣ አልጋ ሥር ስለሚተኛው እባብ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ አልተናገርኩም።

አንዱን ክረምት ቻለችው። ሁለተኛው ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ቋጠሮዋን አሰረች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

«ቅዳሜ ከመተማ ቆዳ ጭኖ ጎንደር የሚወጣ ካሚዮን አለ አሉ» አለችኝ። «ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው ከእናቴ ቤት ልግባ። አንቱ ደህና ይክረሙ።»

ልብ በሉ፣ «አንቱ» ነው ያለችኝ። ስንዱ ስትወደኝ «አንተ» ትለኛለች፤ ስትናደድ ማዕረጌ ይጨምራል። በዚያ ሰሞንማ ደጃዝማች የሆንኩ ያህል ነበር የምከበረው።

ሰው ሲጨንቀው ይዘባርቃል። «እሺ፣ ሂጂ» አልኳት። «ግን ቅዳሜን አብረን እንዋል። መተማን ላሳይሽ። ከትልቅ ነጋዴ ቤት ተጋብዘን እንበላለን። ባህርም አለ። ይህን ሁሉ አይተሽ ልቤ አልተመለሰም ካልሽ በገዛ እጄ ካሚዮኑ ላይ አሳፍርሻለሁ።»

«ባህር?» አለች። ዓይኗ እንዲያ ሲበራ ካየሁ ቆይቼ ነበር።

«ባህር!» አልኩ። አፌን የሚይዝልኝ ዘመድ እንኳ በአጠገቤ አልነበረም።

ባህር ያልኩት በመተማና በእንግሊዙ ሱዳን መካከል የሚያልፈውን ወንዝ ነው፤ የአገሩ ሰው ኾር ይለዋል። በነሐሴ ከሩቅ አይቼው ነበር። ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ ይዞ ሲሄድ ባህር የማይለው ቢኖር እኔ አይደለሁም። ግንቦት ላይ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም ነበር። በግንቦት ማን ቆርጦት ወንዝ ሊያይ ይወጣል?

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሲሚንቶ የጫነ ካሚዮን ለምነን ወጣን። ያንን መንገድ ጣሊያን ነው የሠራው ይባላል። እኔ የማስታውሰው እኛ ድንጋይ ስንሸከም እሱ ሲያፏጭ ነው፤ ቢሆንም ክርክር አልወድም። ያኔ ጫካው ያርበኛ፣ መንገዱ የጣሊያን፣ ትንኙ የሁላችን ነበር። ስንዱ ነጠላዋን ተከናንባ ቋጠሮዋ ላይ ተቀመጠች። እኔ ለዕለቱ ተብሎ የታጠበ ነጭ ሱሪዬን ለብሼ የተቀደደ ጆንያ ላይ ተደላደልኩ። ፀሐይ ስትወጣ ላቤ መጣ፤ ላቤና ሲሚንቶው ተስማሙ። ጥቂት እንደሄድን ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ደርቆ እንደ ግድግዳ ቆመ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የተራመድኩት እግሬን ወደ ጎን እየወረወርኩ ነው። ስንዱ አይታ ነጠላዋን ሳብ አደረገች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር።

መንገድ ላይ ሞተሩ ጋለ ተብሎ ቆምን። ከዛፍ ሥር አንድ ጣሊያን፣ የመንገድ ሥራው ካፖ፣ አለቃው ማለት ነው፣ ብቻውን ማካሮኒ ይበላል። እኛን ሲያይ ብድግ ብሎ ሁለት ሳህን ሞላና «ማንጃሬ! ማንጃሬ!» እያለ ዘረጋልን።

ከሌሊት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመስንም። ይሁንና እንደ ጨዋ ልጅ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ «በልተናል» አልኩት። ስንዱም አንገቷን ደፋ አድርጋ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግበናል» አለች። እንግዲህ ወጉን ታውቁታላችሁ። እሱ «አፈር ስሆን» ይላል፤ እኛ «ኧረ ተወን» እንላለን። እሱ «በሞቴ» ይላል፤ እኛ «እንግዲህ ካስገደድከን» ብለን እጃችንን እንታጠባለን። ይህን የማያውቅ ፍጡር በምድር ላይ ይኖራል ብዬ አልጠረጠርኩም።

ካፖው «ቤኔ!»፣ ይሁን እንደማለት፣ አለና ተቀምጦ ጨረሰው። የእኛንም ድርሻ ጭምር!

«አንዴ እንኳ ሳይለምን?» አለች ስንዱ ካሚዮኑ ላይ ስንመለስ። «ይሄ ነው ሥልጣኔ ላስተምር ብሎ የመጣው? አንቱስ ለምን በልተናል አሉ?»

«ይለምነናል ብዬ ነዋ! አንቺስ?»

«እኔማ አንቱ ሲሉ ጊዜ ነው።»

መተማ ገባን። ከተማውን ማየት ብዙ አላደከመንም። ጉምሩኩን አሳየኋት። ከጉምሩኩ በላይ የተሰቀለውን የጣሊያን ባንዲራ አሳየኋት፤ ነፋስ ስላልነበረ እሱም እንደኛ ተዝለፍልፏል። የቆዳውን ክምር ማሳየት አላስፈለገም፣ ሽታው ራሱ መጥቶ ተቀበለን። ከክምሩ አጠገብ ጎንደር የሚወጣው ካሚዮን ቆሟል፤ ያን ሳላሳያት ልለፍ ብል እሷው ቀድማ አየችው። አንድ ግመል ነበር፣ አሳየኋት። ግመሉም እኔን ከሱሪዬ እስከ ፀጉሬ አየኝና ፊቱን አዞረ።

«ባህሩስ?» አለች።

ወሰድኳት። ምን አደርጋለሁ? ወሰድኳት።

አሸዋ ነው። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አሸዋ። መሀሉ ላይ ፍየሎች ተኝተዋል። ሁለት ሴቶች አሸዋውን ቆፍረው በቅል ውሃ ይጨልፋሉ። ስንዱ አሸዋውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ ከዚያ አሻግራ አየች።

«ባህሩ ማዶ ነው?»

«ማዶማ እንግሊዝ ነው።»

«ታዲያ ባህሩ የታል?»

«የቆምሽበት ነው» አልኳት።

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ቋጠሮዋን አሸዋው ላይ አስቀምጣ ተቀመጠችበትና ቀስ ብላ «ካሚዮኑ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አለች። እንደዚያን ቀን ደንግጬ አላውቅም። ሰው የሚሄደው ሲጮህ አይደለም፤ ሰዓት ሲጠይቅ ነው።

እዚህ ላይ ሐጂ አደም ደረሱልን። «ደረሱልን» የምለው ያኔ ያሰብኩትን ለመናገር ነው። ሐጂ ጥጤን የሚገዙኝ የሱዳን ነጋዴ ናቸው። ስኳር፣ ጨርቅ፣ ዘይት ይሸጣሉ፤ ጀላቢያቸው ሰፊ፣ ልባቸው ከጀላቢያው የሰፋ። ሚስቴን አምጥቼ አስተዋውቅዎታለሁ ብያቸው ስለነበር ከጠዋት ጀምሮ ሲፈልጉን ውለዋል።

«ያ ዞል!» አሉኝ ከሩቅ፤ በአገራቸው «አንተ ሰው» ማለት ነው። «በግ ታርዶ፣ እንግዳ ጠፍቶ! ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው? ና፣ ተፈደል፣ ግባ!»

ግቢያቸው በእሾህ የታጠረ ነው፣ ጎጆው ሰፊ ነው። በጠፍር የተጠለፈ ዝቅ ያለ አልጋ ላይ አስቀመጡን፤ እኔ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኝ በጀርባዬ ወደቅሁና ነው የተቀመጥኩት። እጃችንን ታጠብን። ከዚያ ሁለት ሰው የሚሸከመው ትሪ መጣ። ሥጋ! ቅቤው የሚንጠባጠብ የበግ ሥጋ! አንጀቴ ዘፈነ። እጄን ልሰድ ስል ስንዱ በክርኗ ጎሸመችኝና ያኔ ትዝ አለኝ።

የዛሬ ልጆች ከሆናችሁ ልንገራችሁ። በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ ክርስቲያን አይቀምስም፤ በቢስሚላህ ያልታረደውን እስላም አይቀምስም። ጎረቤት ሆነን፣ ለቅሶ ተደራርሰን፣ ልጅ ለልጅ ጡት አጥብተን እንኖራለን፤ ሥጋ የመጣ ዕለት ብቻ እንለያያለን። ስንዱ ደግሞ የቄስ ልጅ ናት። ልጃቸውን ቆላ አውርጄ በንዳድ ማስፈጄ ሳያንስ ሃይማኖቷንም አስለወጥኳት ብዬ አማቼ ፊት ልቁም?

ሐጂን «ይሄ በግ በማን ስም ታረደ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ሰው እንዴት አድርጎ ይጠይቃል? እንዲህ አክብረው ጋብዘውኝ «ሥጋዎ አይሆነኝም» ልበላቸው? ይሉኝታ አንቆ ያዘኝ። የለመድኩትን አልኩ።

«በልተናል።»

«የት?»

«እ… መንገድ ላይ። ጣሊያኑ ዘንድ። ማካሮኒ።»

«ጣሊያን ሲያበላህ በላህ፣ እኔ ሳበላህ ጠገብክ?»

ነገሩ ሲበላሽ ጊዜ ቶሎ ብዬ «ለነገሩ ጾምም ነው» አልኩ።

ሐጂ ተነሡ። «ወላሂ ዋሽተሃል! ዘይት ነጋዴ እኮ ነኝ! ከፋሲካችሁ ወዲህ ሃምሳው ቀን መቼ ሞላና ነው የምትጾመው? የናንተን ጾም ከቄሳችሁ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ!» አሉና እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ጮኹ። «ዐለይ ጠላቅ! የቤቴን ሥጋ ሳትቀምሱ ከዚህ ግቢ በር ከወጣችሁ ዘይነብ ፈት ናት!»

«ምንድን ነው የማሉት?» አለች ስንዱ በሹክሹክታ።

«ሳንበላ ከወጣን ሚስታቸውን እንደፈቱ ይቆጠር ነው የሚሉት።»

«ዕብድ ናቸው?»

«ኧረ እንግዳ አክባሪ ናቸው።»

ያው ዕድሌ ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ እንኳ የማይለምን አገኘሁ፣ ከሰዓት ሚስት ፈትቶ የሚለምን። ሐጂ «ከመስጊድ እስክመለስ ትሪው ባዶ ይሁን» ብለው እየተቆጡ ወጡ። እሳቸው ወጡ፤ እኛ ግን መውጣት አልቻልንም።

መጋረጃው ተገለጠና ሚስታቸው ዘይነብ ብቅ አለች። የጎንደር እስላም ናት፣ ከስንዱ ጥቂት ትበልጣለች። መጀመሪያ ትሪውን አየች፣ ቀጥላ የስንዱን አንገት፣ ማተቧን አየች፣ ከዚያ በር ላይ የተቀመጠውን ቋጠሮ አየች። መጥታ ከስንዱ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሰማሽው?» አለች። «አንዴ እንግዳው አላድርም ቢለው ምሎ ፈታኝ፤ በሼህ ተመለስኩ። አንዴ እንግዳው ሻይ አልጠጣም ቢለው ምሎ ፈታኝ፤ ተመለስኩ። ይሄ ሦስተኛው ነው። ከሦስት ወዲያ ለእኛ መመለስ የለም።»

«በሻይ?» አለች ስንዱ።

«በሻይ።»

ስንዱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ እኮ ዛሬ ነው የምሄደው፣ እትዬ። ካሚዮኑ እየጠበቀኝ ነው።»

«አየሁት ቋጠሮሽን» አለች ዘይነብ። ተነሥታ ወደ ጓዳዋ ሄደች።

እንግዲህ እንዲህ ሆነን ተቀመጥን። ሥጋው ፊታችን አለ፤ ከበላን ከሃይማኖት ወጣን፣ ካልበላን ግን ከበሩ መውጣት አንችልም። እኔ በበኩሌ ደስ አለኝ። ትታዘቡኛላችሁ፣ ግን ደስ አለኝ። ሚስቴን በፍቅር ማቆየት ያቃተኝን ሰው የሌላ ሰው መሐላ አቆየልኝ። ደስታዬን እንዳታይብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሰማዩ ጠቆረ። የካሚዮኑ ጡሩምባ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። ጥቂት ቆይቶ ሾፌሩ ራሱ ከአጥሩ በር ላይ ቆመ። የአስመራ ልጅ ነው፣ አንገቱ ላይ ትልቅ መስቀል አለ፤ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል፣ ጺሙ በስብ ያብረቀርቃል። ደህና ምሳ የበላ ሰው አየሁ ብዬ ቀናሁ እንጂ ሌላ አላሰብኩም።

«እህት፣ ነይ እንጂ!» አለ። «ዝናቡ ከቀደመኝ ያ ዋልካ ነው የሚውጠኝ። ከዚህ ወዲያ እስከ መስከረም መኪና የለም።»

ስንዱ ቋጠሮዋን አንሥታ እስከ በሩ ሄደች። ተንበርክኬ ልለምናት ፈለግሁ፤ ሱሪዬ አልታጠፍ አለ። ዘይነብ ጓዳው ደጃፍ ላይ ቆማ ሳህን ትወለውላለች። ቀና ብላ አላየችም፣ ቆዪልኝም አላለች። ስንዱ ዞራ አየቻት፣ ብዙ አየቻት።

«ሂድ፣ ወንድሜ» አለችው ሾፌሩን። «የሰው ትዳር ረግጬ አልወጣም። እዚሁ ቁጭ ብዬ ይንጋ።»

ካሚዮኑ ሲሄድ ድምፁ እስኪጠፋ አብረን ሰማነው። ከዚያ ስንዱ ቋጠሮዋን አስቀመጠችና ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔ ምን ማለት እንዳለብኝ ጠፋኝ፤ ሲጠፋኝ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም።

«ለሰው ትዳር እንዲህ ከሆንሽ የኛስ?» አልኳት።

«የኛን ማን ማለበት?» አለችኝ።

ይህ ቃል እዚህ፣ ደረቴ ላይ ገባ። አሁንም እዚያው ነው ያለው።

ዝናቡ ወረደ። ወዲያው ከወንዙ በኩል እንደ ብዙ ካሚዮን የሚያጓራ ነገር ተሰማ። «ኾሩ መጣ! ኾሩ መጣ!» እያለ ሰው ይሮጣል። ስንዱ ወደ ግቢው ወጥታ፣ ደጅ ያለ አልጋ ላይ ቆማ ከአጥሩ በላይ አየች። አሸዋው የለም። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ውሃ፣ ግንድና አረፋ ተሸክሞ ይነጉዳል። ዝናቡ ይመታታል፣ እሷ ግን አልወረደችም።

«ባህር» አለች ለራሷ።

«አላልኩሽም?» አልኩ።

«ዝም ይበሉ» አለች፤ ግን በግማሽ አፏ ነው የተቆጣችው።

ሐጂ በስብሰው ገቡ። ትሪው እንዳለ ነው፣ ቅቤው ረግቷል። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ሰለለ። «ምን በደልኳችሁ?» አሉ። ይሉኝታ ያልለቀቀኝ እኔ ያን ጊዜም ሆዴን ይዤ በልተናል ልል ነበር። ስንዱ ቀደመችኝ።

«ሐጂ፣ አይቀየሙን። እኛ በስመ አብ ያልተባለበትን ሥጋ አንቀምስም። ልንነግርዎ አፍረን ነው።»

ሐጂ አፋቸውን ከፈቱ። «በስመ አብማ ተብሎበታል! ጎንደር የሚወጣው ሾፌር አይደለም እንዴ ጠዋት ያረደው? ድስቱንም ከክርስቲያን ቤት ተውሰን፣ ሰሃኑንም! ክርስቲያን መሆናችሁን ረስቼ ነው የጠራኋችሁ? ሾፌሩ ራሱ ድርሻውን በልቶ ነው የሄደ! አንድ ቃል ብትጠይቁኝ ምን ነበር?»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ፈነዳ። ስንዱ በዝግታ ዞረች።

«እትዬ… ታውቂ ነበር?»

«ማተብሽን እንዳየሁ ገብቶኛል» አለች ዘይነብ ዓይኗን እያበሰች። «እኔም እዚህ የመጣሁ ዓመት በግንቦት ቋጠሮ አስሬ ነበር፤ ያኔ ካሚዮን አልነበረም እንጂ። ልሂድ ብለሽ ብትወጪ ሮጬ ነግሬሽ፣ አጉርሼሽ እሸኝሽ ነበር። አልወጣሽም። እንግዲህ እህቴ ነሽ።»

ስንዱ ትቆጣ ይሆን፣ ታለቅስ ይሆን ብዬ አየኋት። ሁለቱንም ሞከረችና ሳቀች። ከዚያ የበላነውን አበላል አልነግራችሁም። አንድም ሰው «በሞቴ» አላለንም፤ ጊዜም አልሰጠነው።

ክረምቱን ከረምን። ከዘይነብ ጋር እየተላላክን፣ ኾሩ ሲሞላ ባህሩን ላሳያት እያልኩ በእግር እየወሰድኳት፣ ንዳዱም ሁለታችንንም እየጣለን ከረምን። መስከረም ጠባና መንገዱ ደረቀ። አንድ ጠዋት ያ ጡሩምባ ከሩቅ ጮኸ። ከእርሻ ሮጬ ስደርስ ስንዱ ቋጠሮዋን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ልታስር ይሁን ልትፈታ አልጠየቅኋትም። ማን ማለበት ያለችኝ ትዝ አለኝና እጄን እንደ ሐጂ ወደ ላይ አንሥቼ ጮህኩ።

«ዐለይ ጠላቅ! የቤቴን ምግብ ሳትበዪ ከዚህ በር ከወጣሽ ሚስቴ ፈት ትሁን!»

አየችኝ። «ሚስትህ ማን ሆነችና?» አለችና ሳቁ ጣላት። እዚያው ቋጠሮዋ ላይ ተቀመጠች። «እሺ፣ ምን ሠርተህ ነው የምበላው?»

ምንም አልሠራሁም ነበር። ቋጠሮውን ፈታችና ድስቷን አውጥታ እሳት አያያዘች።

ይህ ከሆነ ዘመን አለፈ፣ ጣሊያንም ሄደ። ስንዱ ግን እስከ ዛሬ ገበታዋን አትጨርስም፤ ሁልጊዜ ዳር ላይ አንዲት ጉርሻ ታስቀራለች። እንግዳ ሲያይ ጠግባ ይመስለዋል። ጨርሺያት እንጂ ስላት «ከጨረስኩማ መሐላህ አለቀ፣ መሄዴ ነው» ትለኛለች። እኔም ገበታውን አላነሣም።